ከሾትገኑ በፊት በሩን፦ ቤትን ከሌሊት ሌባ ለማጠናከር ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሽማግሌ በጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘው ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ወዳለችው ብየዳ ቤቴ መጡ። ጆንያው ሲፈታ በእጅ እየተሳበ የሚጎርስ ሾትገን ወጣ። በሰፈራቸው በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ቤት ተሰብሮ ኖሮ እንቅልፍ አጥተዋል። «ልጄ፣ ሰደፉን አሳጥርልኝ፤ ከአፈሙዙ ሥር ደግሞ የእጅ ባትሪ የሚይዝ ቀለበት በይድልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ጠመንጃ አልነካም» አልኳቸው። የጦር መሣሪያ ነገር በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 የሚተዳደር ነው፤ መጠገኑም መለወጡም ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው። የእኔ ፈቃድ በርና መስኮት መሥራት ብቻ ነው። ሕጉ ባይኖርም እንኳ አላደርገውም ነበር። አፈሙዝ ላይ ያረፈ የብየዳ እሳት ብረቱን ያላላዋል፤ የላላ አፈሙዝ ደግሞ የሚጎዳው ፊት ለፊት ያለውን ሳይሆን የያዘውን ሰው ነው።

ቅር ብሏቸው ጆንያውን መልሰው መጠቅለል ሲጀምሩ «የቤትዎ በር በምን ይዘጋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «በቁልፍ ነዋ!» አሉኝ። በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ አየሁት። ቁልፉ እውነትም ጥሩ ቁልፍ ነው። የቁልፉ ምላስ የምትገባባት ቀጭን ብረት ግን መቃኑ ላይ የተያዘችው የጣት ጥፍር በሚያክሉ ሁለት ብሎኖች ነበር። በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ሳደርጋቸው አንደኛው ወልቆ እጄ ላይ ወደቀ። ሾትገኑ ስንት እንደተገዛ አልጠየቅኩም። ጠንካራ ብሎን ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ ቤት ውስጥ የሠራነውን ነው፤ ከሌሎች ቤቶች የተማርኩትንም አክዬበታለሁ። ሾትገኑም ቦታ አለው፤ ተራው ሲደርስ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ እንደ ሌባ ዙሩ

መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ምሽት፣ ሰፈሩ ጭር ሲል፣ ከቤታችሁ ውጡና በሩን ከኋላችሁ ዘግታችሁ ግቢውን ዙሩ። የእጅ ባትሪ ያዙ፤ ግን ወዲያው አታብሩት። በጨለማ የሚታየውን በጨለማ እዩ፤ ሌባው የሚያየው እርሱን ነውና። «ቁልፉ ውስጥ ቢቀርብኝ በየት እገባ ነበር?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ሁላችንም አንድ ቀን ቁልፍ ቀርቶብን በመስኮት ገብተናል፤ የገባንበትን መስኮትም እናውቀዋለን። እርሷን መጀመሪያ ጻፉ።

አብዛኛው ሰው ስለ ፊት ለፊቱ በር ይጨነቃል። እኔ ካየኋቸው የተሰበሩ ቤቶች የሚበዙት ግን የተሰበሩት በጓሮ፣ በማድ ቤት በኩል ነው። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ጋር የሚገናኝበት ትንሽ በር ብዙ ጊዜ ከተረፈ ጣውላ የተሠራ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚታየው ለመውጫ የሚያገለግል ነገር ነው፦ መስኮት ሥር የቆመ የውኃ ሮቶ፣ አጥር ላይ የተደገፈ መሰላል፣ የተከመረ ፍልጥ፣ ጣሪያ የሚነካ የኮክ ዛፍ። የሽማግሌው መሰላል ዓመቱን ሙሉ ጓሮ ተጋድሞ ይኖር ነበር። ቀለም ቀቢ ረስቶት የሄደ መሰላል ነው፤ ለሌባ ግን የተዘጋጀለት ይመስል ነበር። መሰላሉን ቤት ውስጥ ማስገባት ወይም ከዛፍ ጋር በሰንሰለት መቆለፍ የዚህ ሁሉ ሥራ ርካሹ ክፍል ነው፤ ዛሬውኑ አድርጉት።

ዲጂኖ፣ አካፋና መጥረቢያም እንዲሁ። ሌባ የሰው ቤት ለመስበር መሣሪያ ተሸክሞ መንገድ ላይ መታየት አይወድም፤ ጓሮ ከጣላችሁለት ግን በእናንተው ዲጂኖ የእናንተኑ በር ይፈነቅላል።

የቤቱ በር

ሌባ ቁልፍ በሽቦ እየጎረጎረ ይከፍታል የሚለውን ነገር እርሱት። የሚደረገው ከዚያ ይልቅ ቀላል ነው፤ ወይ በእግር ይመታል፣ ወይ ዲጂኖ በበሩና በመቃኑ መካከል አስገብቶ ያነሣል። በሁለቱም መንገድ ቁልፉ አይሰበርም፤ የሚሰበረው ቁልፉን የያዘው እንጨት ነው። ስለዚህ ውድ ቁልፍ ገዝቶ በደካማ መቃን ላይ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ሥራውን ከመቃኑ ጀምሩ።

አንደኛ፣ መቃኑ ከግድግዳው ጋር በምን እንደተያያዘ እወቁ። በሩን ክፈቱና በሁለት እጃችሁ መቃኑን ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፣ መልሳችሁም ግፉት። በመቃኑና በልስኑ መካከል ስንጥቅ ሲከፈትና ሲዘጋ ካያችሁ መቃኑ በልስን ብቻ ቆሟል ማለት ነው። ይህን ሳታስተካክሉ የምታደርጉት ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።

ግድግዳው ብሎኬት ወይም ኮንክሪት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ጎን ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በቁልፉ ትክክል ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ብሱ፤ ከዚያ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባላቸው ብረት ፊሸሮች (ሲጠብቁ ቀዳዳው ውስጥ የሚሰፉ ብሎኖች) እሰሩት። ፊሸሩ መቃኑን አልፎ ግድግዳው ውስጥ ቢያንስ 6 ሴንቲ ሜትር መግባት አለበት። ብሎኬት ላይ ስትበሱ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ብሎኬት ባዶ ሆድ አለው። መሰርሰሪያው በድንገት ሸተት ብሎ ከገባ ባዶው ላይ ደርሳችኋል፤ ፊሸሩ እዚያ የሚነክሰው የለም። ያን ቀዳዳ ወፍራም ሲሚንቶ ሙሉበት፣ ሳምንት ጠብቁና እንደገና ብሱ።

የድንጋይ ቤት ግን ጎንደር ላይ ብዙ ነው፤ ድንጋዩም በጭቃ የተያያዘ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ ሲሳሳት አይቻለሁ። ፊሸር የሚሰፋው ሲጠብቅ ነው፤ በሁለት ድንጋይ መካከል ያለ ጭቃ ውስጥ ቢሰፋ ጭቃውን ከመፈርፈር በቀር የሚይዘው ነገር አያገኝም። የምሠራው እንዲህ ነው፦ ከመቃኑ አጠገብ ጭቃውን በመሮ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ጠርጌ አወጣለሁ፤ ጉድጓዱን በውኃ አጥባለሁ፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ 12 ቁጥር ፌሮ አስገብቼ አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ አሸዋ በተቦካ ቡኮ እሞላዋለሁ። ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ ይረጫል። ሳምንቱ ሲያልፍ ከግድግዳው የቀረውን የፌሮ ጫፍ መቃኑን ካቀፈ አንግል ብረት ጋር እበይደዋለሁ፤ እንጨቱ እንዳይቃጠል እርጥብ ጨርቅ ጣል ይደረግበታል። ሰባቱ ቀን ለብዙ ደንበኛ ረጅም ነው። በሦስተኛው ቀን «በይደውና ይለቅ» የሚለኝ አይጠፋም፤ እኔም አልበይድም።

ጭቃ ቤት ከሆነ መቃኑን ከጭቃው ጋር ለማያያዝ አትድከሙ። ልስኑን በበሩ ግራና ቀኝ ፈልቅቃችሁ ግድግዳውን የተሸከመውን ወፍራም ቋሚ እንጨት ፈልጉ፤ መቃኑን ከእርሱ ጋር ዳር እስከ ዳር በሚያልፍ ዳዶ ባለው ብሎን እሰሩ። ሮንዴላው ሰፊ ይሁን፤ አለበለዚያ ብሎኑ እንጨቱን እየበላ ይገባል። ቋሚው ምስጥ የበላው ከሆነ በቢላ ጫፍ ወግታችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቢላው እንደ ዳቦ ከገባለት ከበሩ በፊት የቤቱን ነገር ማሰብ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ብሎኖቹን ቀይሩ። ማጠፊያዎቹና የምላስ መግቢያዋ ብረት ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ብሎን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የመቃኑን ቆዳ ነው የሚይዘው። ከ7 ተኩል እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ የእንጨት ብሎኖች ግዙ። መጀመሪያ ከብሎኑ ቀጠን ባለ መሰርሰሪያ መንገድ አብጁለት፤ ያረጀ ወይራ ወይም ጽድ ሳይበሳ ወፍራም ብሎን ቢገባበት ይሰነጠቃል። ብሎኑን ሳሙና ቀብታችሁ ብትነዱት ይቀላል። ሽማግሌው ቤት በዚህ አንድ ሥራ ብቻ፣ በግማሽ ቀን፣ በእግሬ በደንብ የመታሁት በር አልነቃነቅ አለኝ። ከሥራው በፊት ያንኑ ምት ብመታው ኖሮ ውስጥ እገኝ ነበር።

የምላስ መግቢያዋን ብረትም ከተቻለ በወፍራም ለውጧት። እኔ ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ 30 ሴንቲ ሜትር አርዝሜ እቆርጣታለሁ፤ ስድስት ብሎን ትይዛለች። ምቱ በአንድ ነጥብ ላይ ከማረፍ ይልቅ በ30 ሴንቲ ሜትር እንጨት ላይ ይበተናል።

ሦስተኛ፣ የማጠፊያውን ጎን አትርሱ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ የማጠፊያው ሚስማር ውጭ ነው፤ ሚስማሩን ከታች በመዶሻ መትቶ ያወጣ ሰው በሩን ከነቁልፉ ነቅሎ ማቆም ይችላል። መድኃኒቱ ጥርስ ነው። በሩን ክፈቱ፤ በማጠፊያዎቹ መካከል፣ በበሩ ጠርዝ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ 2 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ እንዲታይ አድርጋችሁ ትከሉ። በትክክሉ መቃኑ ላይ 14 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። በሩ ሲዘጋ ጥርሱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ ሚስማሩ ቢወልቅ እንኳ በሩ አይነቀልም። ቀዳዳውን በግምት አትብሱ፤ የጥርሱን ጫፍ ግራሶ ቀቡና በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉት፣ ግራሶው መቃኑ ላይ የነካበት ቦታ ይታያችኋል።

አራተኛ፣ መወርወሪያ። አያቶቻችን በር የሚዘጉት በመወርወሪያ ነበር፤ ዛሬም ከውስጥ ለሚተኛ ሰው ከእርሱ የሚበልጥ አላገኘሁም። ከ5 ሚሊ ሜትር አንግል ብረት ሁለት መንጠቆ ሥሩ፤ መቃኑ ላይ ሳይሆን መቃኑን አልፈው ግድግዳው ላይ ወይም ቋሚው ላይ ይታሰሩ። አግዳሚው 40 በ40 ቱቦላሬ ቢሆን ይበቃል። ከዚያ የከበደ አትሥሩ፤ በቤቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጉልበት የሚያንሰው ሰው በአንድ እጁ ሊያነሣው ይገባል። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ፤ እኔ ራሴ ተሳስቼበታለሁና። መወርወሪያ የሚሠራው ወደ ውስጥ ለሚከፈት በር ነው። ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ አግዳሚው በሩ ላይ ከተበየደ መያዣ ጋር መቆራኘት አለበት፤ አለበለዚያ ሌባው በሩን ስቦ ሲከፍት አግዳሚያችሁ ውስጥ ሆኖ ያያል።

የእንጨት በር በክረምት ያብጣል። በግንቦት ልክክ ብሎ የተገጠመ በር ሐምሌ ላይ አልዘጋ ይላል፤ ሰውም በትከሻው እየገፋ ምላሱን ግማሽ ብቻ አስገብቶ ይተኛል። ስለዚህ በግራና በቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ፤ የበሩን የላይና የታች ጠርዝም ቀለም ቀቡት። አናጺ ይህን ጠርዝ አይቀባውም፣ ማንም አያየውምና፤ ውኃው የሚገባው ግን በዚያው ነው።

የግቢው በርና አጥሩ

ስለ ግቢ በር ብዙ የምለው የለኝም። የላሜራ በር ቁመናው ያስፈራል እንጂ ብዙውን ጊዜ ማጠፊያው ላይ ተሰክቶ የቆመ ነው፤ ሁለት ሰው ከሥር ቢያነሣው ብድግ ብሎ ይወጣል። ከላይኛው ማጠፊያ ከፍ ብሎ፣ በሩ እንዳይነሣ የሚከለክል ቁራጭ ብረት አስበይዱ፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጓጉንቸሩ ውጭ የሚንጠለጠል ከሆነ ዙሪያውን በላሜራ ሳጥን ሸፍኑት፤ እጅና ቁልፍ ይግባ እንጂ የብረት መቁረጫ አይግባ። የበሩ ሥር ከመሬት ከአንድ ስንዝር በላይ ከፍ ብሎ ከሆነ ልጅ ሾልኮ ከውስጥ ይከፍታል፤ የድንጋይ ደፍ ሥሩለት።

አጥር ላይ የተሰበረ ጠርሙስ መትከል ልማድ ነው። እኔ አልወደውም። ጆንያ የጣለበት ሰው ያልፈዋል፤ ኳስ ሊያወጣ የወጣ የጎረቤት ልጅ ግን ይቆረጣል። ከአጥሩ ይልቅ ከአጥሩ ሥር ያለውን አስቡ። ጽጌረዳ ወይም ቀጋ በአጥሩ ውስጠኛ ጎን ቢተከል የሚዘል ሰው የሚያርፍበት ያጣል። ፊት ለፊት ያለው አጥር ደግሞ ከመንገድ የሚያሳይ ቢሆን እመርጣለሁ። ረጅም ድፍን ግንብ አንዴ የገባውን ሌባ ከመንገደኛ ዓይን ይሸሽግለታል። የፋሲል ግቢ ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው፤ 12 በሮች ሲኖሩት እያንዳንዱ በር ስምና ጠባቂ ነበረው። ነገሥታቱ ድንጋይ አላነሳቸውም፤ ሆኖም ግንቡን ያለ ሰው ዓይን አልተዉትም።

መስኮት

የመስኮት ፍርግርግ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ከግድግዳው ጋር መተሳሰርና ከእሳት መውጫ መሆን። መተሳሰሩን ከላይ ለመቃን እንዳልኩት አድርጉ። መስኮቱ እንጨት ላይ በብሎን የታሰረ ፍርግርግ ከነእንጨቱ ይነቀላል። በዘንጎቹ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የልጅ ጭንቅላት ያልፋል፣ ጭንቅላት ያለፈበት ደግሞ ገላው አይቀርም።

ከመስኮቶቹ አንዱ፣ መኝታ ቤት ያለው፣ ፍርግርጉ እንደ በር የሚከፈት ይሁን። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው «ታዲያ ምን ጥቅም አለው?» ይላል። ቤት በእሳት ሲያያዝ በሩ የመጀመሪያው የማይደረስበት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ አራቱም መስኮት ተበይዶ ከሆነ ቤቱ ወጥመድ ነው። ቁልፉን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ ከውጭ እጁን የሰደደ ሰው የማይደርስበት፣ ከውስጥ ግን በጨለማ ተዳብሶ የሚገኝ ቦታ ላይ በሚስማር አንጠልጥሉት። ቦታውን ከቶ አትለውጡት። ለሌላ ነገር የተዋሰው ሰው ሳይመልስ አይተኛ።

መብራትና ድምፅ

መብራት በሚጠፋበት ከተማ ከመስመር ጋር የተያያዘ የግቢ መብራት ብቻውን አይታመንም። ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ የፀሐይ መብራት አሁን በየሱቁ ይሸጣል። ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ስቀሉት፤ ዝቅ ካለ ይነቀላል፣ ከፍ ካለ ሰው አያይም። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለሆንን በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ ሰሌዳው ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ይበል። ብዙ አታዘንብሉት፤ በክረምት ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ሰኔና ሐምሌ ደመናው ስለሚበዛ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ እንዲያድር አታድርጉት፤ ሰው ሲያይ ብቻ እንዲበራ ሆኖ ይቀመጥ። አቧራውን በየወሩ ጥረጉለት። ድንገት ቦግ የሚል ብርሃን ሌሊቱን ሙሉ ከሚበራው ይልቅ ሰው ያስደነግጣል፤ ጎረቤትም ቀና ብሎ ያያል።

ውሻ ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ ታስሮ የሚውል ውሻ ለመንገደኛው ሁሉ ስለሚጮህ ጩኸቱን ማንም አይሰማውም። ጠባቂ ደግሞ ውሻ ብቻ አይደለም፤ በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ያተረፋት የንብ መንጋ ነው ተብሎ ይተረካል። ንብ አጥር ሥር አኑሩ ማለቴ አይደለም፤ ምንም እንኳ አንድ ደንበኛዬ ቀፎውን በጓሮ አጥሩ ላይ ደርድሮ በዚያ በኩል ማንም ሞክሮት እንደማያውቅ ቢምልልኝም።

ከሁሉ የሚበልጠው ድምፅ የሰው ነው። ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቻችሁ ጋር ቡና ላይ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፦ ሌሊት ኡኡታ ሲሰማ ማን ለማን ይደውላል፣ ማን መብራት ያበራል፣ ማን ለፖሊስ ይናገራል? ጥር 10 ቀን ከተራ ሲሆን ቤተሰቡ ሁሉ ታቦት ሊሸኝ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳል፤ በማግስቱም ከተማው ሁሉ እዚያው ነው። ሌባም የቀን መቁጠሪያ አለው። በእነዚያ ሁለት ቀናት ከየሦስት ቤቱ አንድ ሰው በተራ ይቅር፤ የሽማግሌው ሰፈር ይህን ተስማምቶ አድርጓል።

ጠመንጃው

አሁን ወደ ሾትገኑ። በሕግ የተመዘገበ መሣሪያ ያለው ሰው መሸጥ አለበት አልልም፤ ጎንደር ላይ ጠመንጃ የአባት ቅርስ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። ግን ሌሊት ትራስ ሥር ጎርሶ የሚያድር ጠመንጃ መጀመሪያ የሚያገኘው ሌባ አይደለም፤ ልጅ ነው፣ ወይም ከጠላ ቤት የተመለሰ ወንድም ነው። የሾትገን ፍንጣሪ ደግሞ ክፍል ከክፍል የሚለየውን ቺፕውድ እንደ ወረቀት ያልፋል፤ ከጀርባው ማን እንደተኛ አይጠይቅም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ሲፈቅድ ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፣ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይጠይቃል፤ አንቀጽ 79 ከመጠን ስላለፈው ነው። ዶሮ ይዞ የሚሸሽን ሰው ከኋላው መተኮስ በየትኛውም ሚዛን መከላከል አይባልም።

ስለዚህ ለሽማግሌው ሾትገን የሠራሁለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤት። ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቁመቱ 130፣ ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን። ማጠፊያው ከውስጥ ነው፤ የበሩ ጠርዝ ወደ ውስጥ ስለገባ ዲጂኖ የሚያስገባ ክፍተት የለውም። በክፍሉ ጥግ፣ ሁለት ጎኑ ግድግዳ እንዲነካ አድርገን፣ በአራት 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ከኮንክሪቱ ወለል ጋር አሰርነው። ጥግ ላይ የቆመ ሳጥን ለመፈንቀል ቦታ አይሰጥም። ከታችና ከላይ ትንንሽ ቀዳዳ በሳሁለት፤ በክረምት አየር ካልገባው ብረት ያልበዋል። ጠመንጃውን በጨርቅም ሆነ በቆዳ ማኅደር ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ፤ ሁለቱም እርጥበት ይዘው ያዝጉታል። ጥይቱ ሌላ ሳጥን ውስጥ፣ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ።

ከመቀመጡ በፊት ማራገፉ ነው ሰው የሚሳሳትበት። በእጅ የሚሳበው ሾትገን ጥይት የሚይዘው በሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ጥይቱ በሚጎርስበት በአፈሙዙ የኋላ ጫፍ፣ ሌላው ከአፈሙዙ በታች ባለው ቱቦ ውስጥ። የጎረሰውን ጥይት አውጥቶ «ባዶ ነው» ያለ ሰው እጀታውን መልሶ ሲገፋ ከቱቦው ሌላ ጥይት ያጎርሳል። አፈሙዙን ማንም ወደሌለበት ድፍን ግድግዳ ወይም መሬት አዙሩ፤ ጣት ከምላጭ ይራቅ። መጀመሪያ ቱቦውን ባዶ አድርጉ፣ ቀጥሎ የጎረሰውን አውጡ፣ ከዚያ ጥይት የሚተፋበት ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ሁለቱንም ቦታ በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳስሱ። ጨለማ ውስጥ ዓይን ያታልላል፤ ጣት አያታልልም። በዚያው ቀዳዳ በኩል የብረት ገመድ አሳልፎ በጓጉንቸር መቆለፍ እጀታው እንዳይዘጋ ያደርጋል፤ ሳጥኑ ባይኖራችሁ ቢያንስ ይህን አድርጉ። ይህን የማያውቅ ሰው መሣሪያውን ለሚያውቅ ሰው ወስዶ ይጠይቅ፤ ለማፈር የሚበቃ ነገር የለውም።

ልምምድ

ሥራው ሲያልቅ ቤተሰቡን ሰብስቡና ሁለት ነገር ተለማመዱ። አንደኛው ሌባ ሲመጣ ነው። ሁሉም ወደ አንድ ክፍል ይገባል፤ ያ ክፍል በሩ ጠንካራ የሆነው፣ ስልክ ቻርጅ ላይ የሚያድርበት፣ የሚከፈተው ፍርግርግ ያለበት ይሁን። ማንም ወደ ሌባው አይሄድም። በሩ ጊዜ ይገዛላችኋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ትጮኻላችሁ፣ ትደውላላችሁ፣ ጎረቤት ይደርሳል። ሌባው ያሰበው ቴሌቪዥን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ነቅቶ ሲያይ ቴሌቪዥኑን ጥሎ ይሄዳል።

ሁለተኛው እሳት ነው። መብራት አጥፉና ትንሹ ልጅ መወርወሪያውን አንሥቶ ቁልፉን ከፍቶ እንዲወጣ አድርጉ፤ በሰዓት ለኩት። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የሽማግሌው የልጅ ልጅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። መወርወሪያውን ልታነሣ ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ አግዳሚው መንጠቆው ላይ ተነክሶ ነበር፣ ክብደቱም በዝቶባታል። አርባ ሰከንድ ፈጀባት፤ አያቷም ወደ እኔ ዞረው ምንም አላሉም። በማግስቱ አግዳሚውን ቀጠን ባለ ቱቦላሬ ቀየርኩት፣ መንጠቆዎቹን ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ሞረድኳቸው፣ ግራሶም ቀባኋቸው። ማታ መብራቱን አጥፍተን እንደገና ሞከርን። ከአልጋዋ ተነሥታ ደጅ እስክትቆም አሥራ አንድ ሰከንድ ሆነ።